ልጄ ከመስታወት ፊት አልነሳ አለች፦ ስለ ጎረምሳ ልጆችና ስለ መልካቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ደሴና ኮምቦልቻ ለሚኖሩ፣ ልጃቸው ከ11 እስከ 17 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ለሚገኝ ወላጆች ነው። ጥያቄዎቹ ከወላጅ ስብሰባ፣ ከሰርግ ቤት፣ ከለቅሶ ድንኳንና ከሚኒባስ ወሬ የተለቀሙ ናቸው። ወላጅ ይህን ጉዳይ ቢሮ ገብቶ አይጠይቅም፤ «አንድ ነገር ላማክርህ» ብሎ ወደ ጆሮ ጠጋ ይላል። ጊዜ የሌለው ሰው ስለሚያቀላ ክሬም የተጻፈውን ብቻ አንብቦ ቢሄድ አልቀየመውም።

እስከ አምና ድረስ ፊትሽን ታጠቢ ስትባል የምትሸሽ ልጅ ነበረች። ዘንድሮ ከመስታወት ፊት አትነሳም። ምን ነካት?

ጉርምስና ነው የነካት። የሴት ልጅ ሰውነት ከ8 እስከ 13 ዓመት፣ የወንድ ልጅ ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ መለወጥ ይጀምራል። ለውጡ ሁሉም ቦታ እኩል አይመጣም። እጅና እግር ቀድሞ ይረዝማል። አፍንጫ ከሌላው ፊት ቀድሞ ያድጋል። ፊት ይወዛል፣ ብብት ይሸታል። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ የምታየው ሰው አምና የምታውቃት አይደለችም። ደጋግማ ብታይ አይፈረድባትም።

በዚያው ዕድሜ «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ሐሳብ ይበረታል። ክፍል ስትገባ ተማሪው ሁሉ ግንባሯ ላይ ያለችውን አንዲት ብጉር የሚያይ ይመስላታል። ተማሪው ግን የየራሱን ብጉር ሲያስብ ነው የሚውለው። ይህን ብትነግሯት አታምናችሁም፤ በመንገር ብዙ አትድከሙ።

መስታወት ማየት፣ ልብስ መቀያየር፣ ፀጉር ሠርቶ ማፍረስ በራሱ በሽታ አይደለም። መቼ ወደ ሐኪም እንደሚያስኬድ ወደ ታች አለ።

ኮምቦልቻ በዚያ ሙቀት ልጄ ጃኬቱን አያወልቅም። ለምንድን ነው?

የሚደብቀው ነገር ስላለ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጦሳ ጉም ሲለብስ ጃኬት የሁሉም ልብስ ነው፤ ማን ምን እንደደበቀ አይታወቅም። ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ ከ25 ኪሎ ሜትር ባይበልጥም አየሩ ሌላ አገር ነው። ስለዚህ የኮምቦልቻ እናት ቶሎ ትነቃለች። የደሴ እናት አንዳንዴ የምታስተውለው ዘመድ ሊጠይቁ ሲወርዱ ነው፤ ሁሉም እጅጌውን ሲሰበስብ የእሷ ልጅ ብቻ ዚፑን እስከ አገጩ ዘግቶ በላብ ይዘፈቃል።

ከጃኬቱ ስር ብዙ ጊዜ ያለው የላብ ሽታ ነው፣ ወይም የቀጠነ ክንድ፣ ወይም ወንዱ ልጅ ደረት ላይ የወጣ እብጠት። ሴት ልጅ ከሆነች ጡቷ አድጎ ጡት መያዣ የሚገዛላት ሰው አላገኘች ይሆናል። «አውልቅ እንጂ፣ አብደሃል?» ማለት አይሠራም። ሰፋ ያለ የጥጥ ሸሚዝ ጨምሩለት፣ ዩኒፎርሙም ቅያሪ ይኑረው። ዲኦድራንት ገዝታችሁ ምንም ሳትናገሩ አልጋው ላይ አስቀምጡለት። ልጅቷን እናቷ ወይም ታላቅ እህቷ ይዛት ሄዳ በልኳ ትግዛላት፤ ዋጋ ስትከራከሩ ግን ድምፃችሁን ቀንሱ።

ማስክም ያው ነው። ኮሮና ካለፈ በኋላም ማስኩን ያላወለቀ ልጅ ካላችሁ ጉንጩን ጠርጥሩ።

እኛ ቤት ማንም አይሰድባትም። ታዲያ ይህን መሸማቀቅ ከየት አመጣችው?

ምናልባት ከእኛው ቤት።

የምንሳደብ አይመስለንም። በፍቅር «ጥቁሯ ልጄ» እንላለን። በቀልድ «መልኩን የወሰደችው ታናሽየዋ ናት» እንላለን። እንግዳ ሲመጣ ማን ቀይ፣ ማን ጠይም፣ ማን ቀይ ዳማ እንደሆነ፣ አፍንጫው ከማን ወገን እንደመጣ እንተነትናለን። ልጆቹ እዚያው ቆመው ይሰማሉ። ለእኛ ጨዋታ ነው።

ወሎ ላይ ደግሞ ይብሳል። ባቲ ብትሉ አምባሰል፣ በነዚህ ቅኝቶች የሚዜመው ቁንጅናን ያላወደሰበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከሌላ አገር የመጣ ሰው «የደሴ ልጅ ነኝ» ስትሉት «አይ ወሎ፣ የቆንጆ አገር!» ይላል። ለአዋቂ ደስ ይላል። ለ14 ዓመት ልጅ ግን አገሩ ሁሉ ያለፈውን ፈተና እሷ ብቻ የወደቀች ያህል ነው። ወንዶቹም ከዚህ አያመልጡም፤ ዝም ስለሚሉ ነው የማናውቀው።

የቡና ሰዓቱን ተመልከቱ። ልጅቷ ሲኒውን ረከቦት ላይ ደርድራ ትቀመጣለች። ጎረቤት ይገባል፣ አክስት ትመጣለች። አክስት ገና ሳትቀመጥ የልጅቷን አገጭ በጣቷ ቀና አድርጋ «ውይ፣ ይሄ ፊትሽ ምን ሆነ?» ትላለች። አንዷ ሎሚ እሺው ትላለች። ሌላዋ የለም እሬት ነው ትላለች። ሦስተኛዋ «ተዋት፣ ፍቅር ይዟት ነው» ብላ ቤቱን ታስቃለች። ገና አቦል ነው። ቶና አለ፣ በረካ አለ። ተነስታ ብትሄድ ነውር ነው። ስለዚህ ሁሉም የተነጋገረበትን ፊቷን ይዛ፣ ጀበናው ላይ አቀርቅራ ትቆያለች። ማታ መስታወት ፊት ስትቆም «ይሄ ቲክቶክ አበላሻት» እንላለን።

ዋናው ምክሬ ይኸው ነው፦ ቤታችሁ ውስጥ ስለ ሰው መልክ የሚወራውን ቀንሱ። የእሷን ብቻ አይደለም። የጎረቤቱን ልጅ፣ ዜና የምታነበዋን ጋዜጠኛ፣ ሙሽራዋን፣ ራሳችሁንም ጭምር። እናት በየቀኑ ሆዷን እየቆነጠጠች «አስጠላሁ» ካለች ልጅ ሰውነቷን በዚያው ዓይን ማየት ትማራለች። አባት የሚስቱን ውፍረት ለቀልድ ከተጠቀመ ሴት ልጁ የሰማችው ስለ ወደፊት ባሏ ነው።

ታዲያ «ቆንጆ ነሽ» ልበላት?

አንዳንዴ፣ ሳትጠይቃችሁ፣ ቀለል አድርጋችሁ በሏት። «ይሄ ቀለም አምሮብሻል» ይበቃል።

«አስቀያሚ ነኝ» ብላ ስታለቅስ ግን «ኧረ አንቺን የመሰለ የታለና!» ብሎ መመለስ ወሬውን መዝጋት ነው። የእናትን ምስክርነት በዚህ ዕድሜ ማንም አይቀበልም። ይልቅ «ማን ምን አለሽ?» ብላችሁ ዝም በሉ። ብዙ ጊዜ ከኋላው አንድ የሆነ ነገር አለ። ክፍል ውስጥ ሙድ ይዘውባታል። ወይም ሳታውቅ ያነሷትን ፎቶ ስቲከር አድርገው የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀውታል። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ከሆነ ጉዳዩ የመልክ ሳይሆን የማሸማቀቅ ነው። ግሩፑ ላይ ያለውን ስክሪንሾት ይዛችሁ፣ ልጅቷን አስፈቅዳችሁ፣ የክፍል ኃላፊ መምህሯን በግል አነጋግሩ። የሌላውን ልጅ ወላጅ መንገድ ላይ አስቁሞ መጣላት ነገሩን በሁለተኛው ቀን እጥፍ ያደርገዋል።

እንዲህ ያለ ወሬ ፊት ለፊት ተቀምጦ አይወጣም። ዕቃ ስታጥቡ፣ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ስትቀመጡ፣ ከገበያ ስትመለሱ ይወጣል። «አብሽሪ» ማለት ጥሩ ነው፤ ሰምታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ።

አክስቷን እንዴት ዝም ላሰኛት? ትልቅ ሰው ናት።

ሰው ፊት አይሆንም። ቀድማችሁ ደውሉ። «እትዬ፣ ልጅቷ በፊቷ ነገር ሆድ ብሷታል። ሲመጡ ስለ ትምህርቷ ቢያጫውቷት ደስ ይለኛል።» ብዙ ትልልቅ ሰው እንዲህ ተለምኖ እምቢ አይልም፤ እንዲያውም ምስጢር ስለተነገረው ደስ ይለዋል።

ሳትደውሉ ከተቀደማችሁ ልጅቷን መውጫ ስጧት። «ልጄ፣ እስቲ ከጓዳ ፈንዲሻውን አምጪልኝ» በቂ ነው። እንግዳ ከሄደ በኋላ ደግሞ «አክስትሽ ያለችው አላስደሰተኝም» በሏት። አንድ ዓረፍተ ነገር። ትዝ ይላታል።

አያቶችን ግን በሌላ መንገድ ነው የማየው። አያት «ወፍረሻል፣ አምሮብሻል» ስትል እየመረቀች ነው። በእሷ ዘመን መክሳት የችግር ምልክት ነበር። ይህን ለልጅቷ ማስረዳት አያትን ዝም ከማሰኘት ይቀላል።

ብጉሩን ምን ላድርገው?

ብጉር ከቆሻሻ አይመጣም። በጉርምስና ሆርሞን ምክንያት የቆዳ ቅባት ይበዛል፣ የፀጉር ቀዳዳው ይደፈናል፣ ውስጡ ባክቴሪያ ይራባል፣ ከዚያ ያብጣል። በቀን አምስት ጊዜ በልብስ ሳሙና ፊቱን የሚፈገፍግ ልጅ ቆዳውን ነው የሚልጠው። ጠዋትና ማታ ለስላሳ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። በርበሬና ፍቅር ከደሙ ንጹሕ ናቸው።

ቅቤን ግን እጠረጥራለሁ። ልጅቷ ፀጉሯን ለጋ ቅቤ ተቀብታ በሻሽ ጠፍራ ትተኛለች። ቅቤው ሌሊት ይቀልጣል፣ ወደ ግንባሯ ይወርዳል፣ ትራሱን ይጠጣዋል። ብጉሩ ግንባርና የፀጉር መነሻ ላይ ብቻ ከተደረደረ መጀመሪያ ይህን ተመልከቱ። ቅቤ ተዉ አላልኩም። ከፀጉሩ መነሻ ራቅ አድርጋ ትቀባ፣ ጠዋት ትታጠብ፣ የትራስ ልብሱ ቶሎ ቶሎ ይቀየር። የፀጉር ዘይትና ቅባትም ያው ነው።

መድኃኒት ቤት ቤንዞይል ፔሮክሳይድ የሚባል ጄል ወይም ክሬም አለ። 2.5 ወይም 5 በመቶ የሆነውን ጠይቁ። ማታ ማታ በስሱ ይቀባል፣ ብጉሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ብጉር የሚወጣበት አካባቢ ሁሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያደርቃል፣ ትንሽ ይለበልባል። ፎጣና የትራስ ልብስ ቀለም ያስለቅቃል፤ ነጭ ጨርቅ ተጠቀሙ። ውጤቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ብዙ ቤተሰብ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል፣ ከዚያ ወደ ሎሚና ወደ ጥርስ ሳሙና ይሄዳል። ጥርስ ሳሙና ቆዳ ያቃጥላል። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል። ደሴ ብርድ ስለሆነች ፀሐይዋ አትጎዳም የሚል ሰው ተሳስቷል፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል።

ማፍረጥ ክልክል ነው። እንደ እኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ብጉሩ ከጠፋ በኋላም ጥቁር ምልክቱ ለወራት ይቆያል። ትልልቅ፣ ውስጥ ድረስ የሚያም፣ ጠባሳ የሚተው ብጉር ከሆነ ጊዜ አታጥፉ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ከድሮ ጀምሮ ይታወቃል። ስሙ ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር አብሮ ስለሚነሳ «እዚያ አልሄድም፣ ሼም ነው» የሚል ልጅ ያጋጥማል። ቀድማችሁ አስረዱት፤ ወረፋው ላይ በብጉር የመጣ እኩያውን ማየቱ አይቀርም።

ሻንጣዋ ውስጥ የሚያቀላ ክሬም አገኘሁ። ልጣለው?

መጣሉ ይጣላል። አጣጣሉ ነው ጉዳዩ።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ እወቁ። ማሸጊያው ላይ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታዞን፣ ሃይድሮኪኖን፣ ሜርኩሪ ወይም ካሎሜል የሚሉ ስሞችን ፈልጉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስቴሮይድ ናቸው፤ ለቆዳ በሽታ ሐኪም ለአጭር ጊዜ የሚያዝዛቸው መድኃኒቶች። ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡ ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ደም ሥር ያሳያሉ፣ ራሳቸው ብጉር ያወጣሉ። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ለረዥም ጊዜ ሲቀባ ቆዳውን መልሶ ሊያጠቁረው ይችላል። ሜርኩሪ (ካሎሜልም ያው ነው) ደግሞ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳል፤ በፎጣና በመተቃቀፍ ለታናናሾቿም ይተርፋል። ምንም ያልተጻፈበት፣ ሱቁ ወይም ፀጉር ቤቱ ራሱ ቀላቅሎ በትንሽ ዕቃ የሚሸጠው ከሁሉም ይከፋል፤ ምን እንዳለበት ሻጩም አያውቀውም።

ወጥመዱ መጀመሪያ ላይ መሥራቱ ነው። ስቴሮይድ በሁለት ሳምንት መቅላትና እብጠትን ያጠፋል። ልጅቷ ፊቷ ጠራ፣ ጓደኞቿ «ምን ተቀብተሽ ነው?» አሏት። ስትተወው ግን ፊቷ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ብጉሩ በብዛት ይመለሳል። ፈርታ እንደገና ትቀባለች። ለወራት የተቀባች ከሆነ ክሬሙን ይዛችሁ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ እንዴት እንደምታቆመው እሱ ይንገራችሁ። ዕቃውን ሳታሳዩ «ክሬም ተቀብታ ነበር» ማለት ሐኪሙን አይረዳውም።

እንዴት ታነሱታላችሁ? ወንድሞቿ ፊት አታውጡት። አባቷ ፊትም አታውጡት። ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ጽሑፉን አብራችሁ አንብቡ። «ማን ነው መቅላት አለብሽ ያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል፤ አንዳንዴ መልሱ እናንተ ናችሁ።

እና አንድ ነገር፦ የልጅቷን ሻንጣ ከመፈተሻችሁ በፊት የራሳችሁን መሳቢያ ክፈቱ። ክሬሙ የእናቷ የሆነበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ፀጉሯን ልታስተኛ ትፈልጋለች። ልፍቀድ?

ማስተኛው ኬሚካል የራስ ቆዳ ያቃጥላል፣ ፀጉርም ይሰብራል። እኔ ብሆን ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃን እስክትጨርስ አቆያት ነበር። ሹሩባም ቢሆን ችግር የለበትም ማለት አይደለም። ግንባሯ ተወጥሮ ራሷን የሚያማት ከሆነ በጣም ጠብቋል። እንዲህ ጠብቆ ለዓመታት የተሠራ ፀጉር ከግንባሩ መስመር እየሸሸ ይሄዳል፤ ቶሎ ከላላ ግን ተመልሶ ያድጋል። ሠሪዋን «አላላው» ለማለት ልጅቷ ድፍረት ላይኖራት ይችላል። እናንተ በሉላት።

የወንዶቹ የፀጉር ቁርጥ ላይ ብዙ አትጨቃጨቁ። ፀጉር ያድጋል። የፀጉር ቤቱ ማሽን መጸዳቱን ግን ተከታተሉ፤ ቆረቆር በዚያም ይተላለፋል።

ልጄ ሂጃብ ለባሽ ናት። ይህ እኮ እሷን አይመለከትም አይደል?

ይመለከታታል። ፊቷ ብቻ ሲታይ ፊቷ ላይ ያለው ጭንቀት ሊበዛ ይችላል እንጂ አይቀንስም። ስለ ብጉርና ስለ ክሬም የተጻፈው ለእሷም ነው። ፀጉሯ እርጥብ ሳለ እንዳትሸፍነው፣ ግንባሯን የሚነካው ጨርቅም ቶሎ ቶሎ እንዲታጠብ አድርጉ።

ወንድ ልጄ «አጭርና ከሲታ ነኝ» ብሎ ጂም ካልገባሁ አለ።

ሰባተኛ ክፍል ገብታችሁ ብታዩ ሴቶቹ ወንዶቹን በቁመት በልጠዋል። የሴቶች ፈጣን ዕድገት ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ይቀድማል። ወንዱ ከ13 እስከ 15 ባለው ጊዜ ይመነጠቃል፣ እስከ 17 እና 18 ሊያድግ ይችላል። 14 ሞልቶት ምንም የጉርምስና ምልክት ካልታየበት ግን ሐኪም ይየው። ለሴት ልጅ እስከ 13 ጡት ካልጀመረ ወይም እስከ 15 የወር አበባ ካልመጣ ነው።

ደረቱ ላይ ከጡቱ ጫፍ ስር የሚያም እብጠት ካለ ደግሞ ይህን ንገሩት፦ ከወንድ ልጆች ግማሽ ያህሉ በጉርምስና ይህ ያጋጥማቸዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ይህን የሚነግረው አባቱ ወይም አጎቱ ቢሆን ጥሩ ነው። ወንዶች ልጆቻችን በዚህ ጉዳይ ሰው ያጣሉ። እናት አፍራ ትተወዋለች፣ አባት «ወንድ ልጅ መስታወት አያይም» ብሎ ይዘጋዋል።

ጂሙን አትከልክሉት። የሚያሳየው ሰው ካለና ክብደቱ መጠነኛ ከሆነ ጉዳት የለውም። ፑሽ አፕም ነፃ ነው። ምግቡ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል በርከት ይበል። አጥብቃችሁ የምትከለክሉት «የሚያወፍር» እየተባለ የሚሸጠውን ክኒን ነው። ዴክሳሜታዞን የሚባለው ስቴሮይድ ከሆነ የሚያመጣው ውፍረት ሥጋ አይደለም፤ ፊት ያሳብጣል፣ የደም ስኳር ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል። ለረዥም ጊዜ የወሰደ ልጅ በድንገት ማቆሙም አደገኛ ነው፤ ሐኪም ያስፈልገዋል።

ጾም ላይ በጣም ከሳች። «ጾም ነው» ትለኛለች። ምን እላለሁ?

ይሄ እኛ አገር ከባድ ጥያቄ ነው፤ መልካም ነገርን የሚጠይቅ ወላጅ ሃይማኖት የነካ ይመስለዋል። ምልክቱ ያለው ጾሙ ላይ ሳይሆን ሲፈታ ነው። ለ55 ቀን ዐቢይ ጾምን የጾመች ልጅ ፋሲካ ላይ ዶሮውን እያየች «አላሰኘኝም» ካለች፣ ኢፍጣር ላይ ቴምርና ውሃ ቀምሳ «ጠገብኩ» ብላ የምትነሳ ከሆነ፣ ወሩ ካለቀ በኋላም ቀናት እየጨመረች ከሄደች፣ ነገሩ ከጾም ወጥቷል። ከበላች በኋላ መታጠቢያ ቤት መቆየት፣ መፍዘዝ፣ ራስ መሳት፣ የወር አበባ ለሦስት ወር መቅረት ከተጨመረበት ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው። ነገሩ እዚያ ሳይደርስ ቄሱን ወይም ሸኹን በግል ብታነጋግሩ ብዙ ይረዳል። የታመመ ሰው እንዳይጾም ሁለቱም ሃይማኖቶች ይፈቅዳሉ፣ ይህን ከእነሱ አፍ ስትሰማ ልጅቷ የምትከራከርበት ነገር አይኖራትም።

የሰውነቷ መሙላትስ? በጉርምስና ሴት ልጅ ዳሌዋና ጭኗ መሙላቱ ዕድገቱ ራሱ ነው። «እራት ይቅርብሽ» አትበሏት።

ስልኩን ልቀማት?

ብትቀሟት በጓደኛዋ ስልክ ታያለች። ቲክቶክና ኢንስታግራም ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አካውንት አይፈቅዱም፤ ከዚያ በታች ለሆነ ልጅ እምቢ ማለት መብታችሁ ነው። ከዚያ በላይ ለሆነችው ግን አብሮ ማየት ይሻላል። አንድ ምሽት ፊልተሩን አብራችሁ ክፈቱት፣ የእናንተንም ፊት አስገቡ። አገጭ ሲቀጥን፣ ቆዳ ሲነጣ፣ ዓይን ሲሰፋ ተያዩ፣ ሳቁ። ከዚያ አጥፉት። ልጅቷ ራሷ ማን ፊልተር እንደተጠቀመ ቆጥራ ትነግራችኋለች፤ ከእናንተ በላይ ነው የምታውቀው። ማታ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፣ የእናንተም ጭምር።

ውድ ጫማና ልብስ ካልገዛችሁልኝ ትለኛለች።

አቅማችሁን በቁጥር ንገሯት፣ ምርጫውን ለእሷ ተዉ። ሰኞ ገበያ ይዛችኋት ውጡና ገንዘቡን እጇ ላይ ስጧት።

መቼ ነው ወደ ሐኪም የምሄደው?

በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አንድ የሰውነት ክፍሏን በማሰብና በመፈተሽ ካሳለፈች፤ ሌላው ሰው የማያየውን ጉድለት «አለ» ብላ ከሞገተች፤ በመልኳ ምክንያት ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ሰርግ መሄድ ካቆመች። እነዚህ ከተለመደው ጉርምስና ያልፋሉ፣ ሕክምናም አላቸው። ትምህርት ቤቱ አማካሪ ካለው ከእሱ ጀምሩ። የደሴው ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «እብድ ነች ይሉብናል» የሚለውን ፍርሃት አውቃለሁ፤ ሕክምናው በአብዛኛው ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው።

«ብሞት ይሻለኛል» ካለች ወይም ራሷን ከጎዳች ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። ያን ቀን ብቻዋን አትተዉአት፣ መድኃኒትና ፀረ ተባይ ኬሚካል ከቤት አውጡ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ለምን አልሽ ብሎ መቆጣት ለሌላ ጊዜም አይሆንም።

የክፍል ፎቶ አልነሳም ብላለች። ላስገድዳት?

የክፍሉን ፎቶ ተዉላት። ለፈተና ምዝገባ የሚሆነው ጉርድ ፎቶ ግን አይቀርም። ፎቶ ቤት ሰው የማይበዛበትን ሰዓት መርጣችሁ ሂዱ፣ ጠዋት በጊዜ ቢሆን ይሻላል። ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ፎቶ ቤት ማንም ሳያዘው ፊቱን በኮምፒውተር ያቀላዋል። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ሳለች ለፎቶ አንሺው ጠጋ ብላችሁ «ቀለሟን እንዳትነካ» በሉት። ብጉሩን ላጥፋው ወይ ብሎ ከጠየቀ ግን እሷን ይጠይቃት፤ እናንተ አትመልሱላት።